እስትንፋስን በእጅ የለገሱት ሐኪም፦ ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የተላከ ጽኑ ሕመምተኛ በራሱ መተንፈስ ሲያቅተው፣ አየር በቱቦ ወደ ሳንባው እንዲገባ ይደረጋል። ይህ ሕክምና በዓለም ሆስፒታሎች ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ዴንማርካዊው ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን ናቸው።

ኢብሰን ነሐሴ 24 ቀን 1907 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በትውልድ ከተማቸው አጠኑ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን የማደንዘዣ ሕክምናን ቀስመው ተመለሱ።

በ1944 ዓ.ም. ክረምት ኮፐንሃገንን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው ይህ በሽታ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ጭምር ያሽመደምዳል። የብሌግዳም ሆስፒታል የነበሩት የመተንፈሻ መሳሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነርሱ ከታከሙት 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ።

ሐኪሞቹ የሞቱን ምክንያት በውል አላወቁም ነበር። ኢብሰን ግን ነገሩን ደረሱበት። ኦክስጅን ይሰጣቸው ስለነበር የሕመምተኞቹ ከንፈር አይጠቁርም፤ ሳንባቸው ግን የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ተስኖታል። ስለዚህ ኦክስጅን መስጠት ብቻውን መተንፈስን አይተካም።

ነሐሴ 21 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ልትሞት ስታጣጥር፣ አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ ገባላት። ኢብሰን ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የጎማ ከረጢት እንደ አንጥረኛ ወናፍ በእጃቸው እየጨመቁ አየር ሰጧት፤ ልጅቱም ተረፈች።

ለሁሉም የሚበቃ መሳሪያ ስላልነበረ 1 ሺህ 500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ ተሰልፈው፣ ሌት ተቀን ከረጢት እየጨመቁ የሕመምተኞችን እስትንፋስ አስቀጠሉ። አክታው ይመጠጥ፣ ቱቦው ይፈተሽ፣ የሕመምተኛው ፊት ይታይ ነበር። ከመቶ ሕመምተኞች ከ80 በላይ ይገድል የነበረው ሕመም ከግማሽ በታች መግደል ጀመረ። ኢብሰንም በ1946 ዓ.ም. በኮፐንሃገን የጽኑ ሕሙማን ክፍል አቋቋሙ፤ ክፍሉ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በእጅ የተጀመረው ሥራ በማሽን ተተክቶ ነበር። ጥበቃው ግን ዛሬም የሰው ነው። ቱቦው ከታጠፈ፣ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ወይም መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ከሌለ፣ ውድ ማሽንም ሕይወት አያተርፍም። በመሆኑም የእጅ ከረጢቱ ምንጊዜም ታጥቦና ተፈትሾ ከአልጋው አጠገብ ሊቀመጥ ይገባል። አስታማሚም የማሽኑን ቁልፍ አይነካም፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ ባለሙያ ይጠራል። የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ቅቤ ወይም ዘይት በነካው እጅ አይነካም፤ እሳትም አይቀርበውም።

ከኢብሰን ሕይወት የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ መሳሪያው የሚያስተነፍሰው፣ ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው።