ዮሐንስ ኒውተን፤ ባሪያ ነጋዴ የነበረው ሰባኪ

ዮሐንስ ኒውተን በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በ1725 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ ሰዎች አቈጣጠር ናቸው። አባቱ የንግድ መርከብ አለቃ ስለ ነበረ ዘመኑን አብዛኛውን በባሕር ላይ ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ ልጁን ያሳደገችው እናቱ ናት። እርስዋም በሽተኛ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን የምትፈራ ነበረች። ልጅዋ አራት ዓመት ሲሆነው ማንበብን አወቀ። በየቀኑም የመጽሐፍ ቅዱስን ቃልና መዝሙርን ታስጠናው ነበር። አድጎ የእግዚአብሔርን ቃል የሚሰብክ ሰው እንዲሆን በልብዋ ትመኝ ነበር። ዳሩ ግን ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በ1732 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባቱ በዚያን ጊዜ በባሕር ላይ ነበረ።

አባቱ ሌላ ሚስት አገባ። ልጁም ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት ከቆየ በኋላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ከአባቱ ጋራ በመርከብ መሄድ ጀመረ። በመርከበኞች መካከል ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው ስድብን ነበር። አንዳንድ ጊዜ እናቱ ያስተማረችው ትዝ ይለውና ይጸጸታል፤ ይጾማል፤ ይጸልያል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ሁሉን ይተወዋል። በመጨረሻም የእናቱን እምነት ፈጽሞ ናቀ። መናቁም አልበቃው ብሎ ጓደኞቹ እንዲንቁት ያባብላቸው ነበር።

በዚያ ዘመን የጦር መርከብ ሰው ሲያንሰው፣ ወታደሮች በወደብ አጠገብ ያገኙትን መርከበኛ በግድ ይዘው ይወስዱ ነበር። በ1744 ዓ.ም. ኒውተንም እንደዚሁ ተያዘ። ስለ አባቱ ተብሎ ታናሽ የመኰንንነት ማዕረግ ተሰጠው። አንድ ቀን አለቃው መርከበኞች እንዳይኰበልሉ ጠብቅ ብሎ በጀልባ ወደ የብስ ሰደደው። ጠባቂ የተባለውም እርሱ ራሱ ኰበለለ። በመንገድ ላይ ወታደሮች ያዙትና እንደ ወንበዴ አስረው መለሱት። በመርከቡ ሰዎች ሁሉ ፊት ተገረፈ፤ ማዕረጉም ተገፈፈ። ትናንት ያዘዛቸው ሰዎች ዛሬ አዘዙት። እርሱ ግን ከውርደቱ ትዕቢትንና ቂምን እንጂ ትሕትናን አልተማረም። አለቃውን ስለ መግደልና ራሱን ወደ ባሕር ስለ መጣል እስኪያስብ ድረስ ልቡ ጨለመ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጦር መርከቡ አለቃ በሌላ ሰው ለውጦ ወደ አፍሪቃ ለሚሄድ የባሪያ ንግድ መርከብ ሰጠው። ኒውተንም በ1745 ዓ.ም. በሴራሊዮን አጠገብ ባሉ ታናናሽ ደሴቶች ላይ ለሚኖር አንድ ነጭ ባሪያ ነጋዴ አገልጋይ ሆነ። ቶሎ እበለጽጋለሁ ብሎ ነበር፤ ያገኘው ግን ሌላ ነው። በንዳድ ታሞ ሲወድቅ የነጋዴው ሚስት ጠላችው፤ ምግብም ከለከለችው። ሌሊት እየዳኸ ወደ እርሻ ይሄድና ከመሬት የነቀለውን ሥር ጥሬውን ይበላ ነበር። ልብሱ አንድ ሸሚዝና አንድ ሱሪ ብቻ ሆነ። ሸሚዙን በባሕር ውሃ አጥቦ እርጥቡን ይለብሰዋል፤ በገላውም ላይ ይደርቃል።

በዚያ ቤት ለመሸጥ በሰንሰለት የታሰሩ ጥቁር ሰዎች ነበሩ። እነርሱም የእርሱን መከራ አይተው አዘኑለት። ከራሳቸው ጥቂት ምግብ ከፍለው በስውር ሰጡት። የሚራራለት ነጭ ጌታ ባልተገኘ ጊዜ የራሩለት እነዚህ የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ነገር መረሳት አይገባውም ነበር፤ ኒውተን ግን ለብዙ ዓመት እንደ ረሳው ሆነ።

ነጋዴው አንድ ቀን የሎሚ ችግኝ እንዲተክል አዘዘው። ይተክል ሳለም ጌታውና ሚስቱ ባጠገቡ አለፉና አፌዙበት፤ እነዚህ ሎሚዎች እስኪያፈሩ ድረስ ምናልባት አገሩ ገብቶ የመርከብ አለቃ ሆኖ ይመለስና ፍሬያቸውን ይለቅም ይሆናል ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን እንደ ፌዛቸው ሆነ። ከዓመታት በኋላ ኒውተን የመርከብ አለቃ ሆኖ ወደዚያው ቦታ መጣ። ሎሚውም አፍርቶ ቆየው።

በ1747 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ መርከብ በዚያ አገር አገኘው። አባቱ ለመርከቡ ባለቤት ወዳጅ ስለ ነበረ፣ ልጁ ተፈልጎ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለምኖ ነበር። መርከቡ የጫነው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና እንጨት ነበር። ኒውተን በመርከቡ ላይ ሥራ አልነበረውምና ቀኑን በስድብና በፌዝ ያሳልፍ ጀመር። አለቃው ራሱ የማያፍር ሰው ሳለ በኒውተን ንግግር ይደነግጥ ነበር። ሁለተኛ ዮናስ በመርከቡ የገባ መሰለው።

በመጋቢት 21 ቀን 1748 ዓ.ም. ሌሊት ታላቅ ማዕበል ተነሣ። ኒውተን ተኝቶ ሳለ ውሃ ክፍሉን ሞላው። መርከቡ ሊሰጥም ነው የሚል ጩኸት ሰማና ወደ ላይ ለመውጣት መሰላሉን ያዘ። አለቃው ቢላዋ አምጣ ብሎ መለሰው። በእርሱ ፈንታ ሌላ መርከበኛ ወጣ፤ ማዕበሉም ያን ሰው ወዲያው ጠርጎ ወሰደው።

የመርከቡ አንድ ጐን በማዕበሉ ተሰብሮ ነበር። መርከበኞቹ ልብሳቸውንና አልጋቸውን በስንጥቁ ውስጥ ወተፉ፤ በላዩም ሳንቃ መቱበት። የጫኑት ሰምና እንጨት ከውሃ የቀለለ ባይሆን ኖሮ ያን ጊዜ በሰጠሙ ነበር። ኒውተንም ውሃ በሚያስወጣው መሣሪያ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሠራ። ማዕበሉ እንዳይወስደውም ራሱን በገመድ አሰረ። በዚያ ሥራ መካከል ሳያስበው የእግዚአብሔርን ምሕረት የሚለምን ቃል ከአፉ ወጣ። ወዲያው ራሱ በቃሉ ደነገጠ፤ ለእንደ እኔ ያለ ሰው ምን ምሕረት አለ ብሎ በልቡ ጠየቀ። ጥቂት አርፎ ወደ መርከቡ መሪ ሄደ፤ እስከ እኩለ ሌሊትም መርከቡን መራ። በእነዚያ ረጅም ሰዓቶች እናቱ በልጅነቱ ያስጠናችው ቃል አንድ በአንድ ይመለስለት ጀመር።

ማዕበሉ ጸጥ ቢልም መርከቡ አራት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ተንከራተተ። ምግቡ በውሃ ተበላሽቶ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰዎች የቀን ምግባቸው የአንድ ጨው የበላው ዓሣ እኩሌታ ብቻ ሆነ። ኒውተን በዚያ ጊዜ አዲስ ኪዳንን ያነብ ነበር። የአባቱን ገንዘብ በትኖ ስለ ተመለሰው ልጅ የተነገረውን ምሳሌ ሲያነብ፣ አባት ወደ ልጁ እየሮጠ የሄደበት ነገር ተስፋ ሰጠው። በሚያዝያ 8 ቀን የመጨረሻው ምግብ በድስት ሲፈላ ወደ አየርላንድ ወደብ ገቡ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብርቱ ነፋስ ተነሣ፤ በባሕር ላይ ቢያገኛቸው ኖሮ የተሰበረው መርከብ አይችለውም ነበር። ኒውተን ያን የመጋቢት ቀን እስከ ሽምግልናው ድረስ በየዓመቱ በጸሎትና በምስጋና ያስበው ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ከማዕበሉ በቀጥታ ወደ ሰባኪነቱ ይዘላሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ኒውተን ስድብን ተወ፤ ጸሎት ጀመረ፤ የባሪያን ንግድ ግን አልተወም። በዚያው ዓመት በባሪያ መርከብ ላይ ሁለተኛ አለቃ ሆኖ ወደ አፍሪቃ ሄደ። በ1750 ዓ.ም. ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚወዳትን ማርያምን አገባ። ከ1750 እስከ 1754 ዓ.ም. ደግሞ ራሱ አለቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ በባሪያ መርከብ ተጓዘ።

ይህ ንግድ እንዲህ ነበር። መርከቡ ከእንግሊዝ አገር ጨርቅ፣ ጠመንጃና ሌላም ዕቃ ይዞ ወደ አፍሪቃ ይሄዳል። በዚያ ዕቃውን በሰው ይለውጣል። ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በብረት ይታሰራሉ። በመርከቡ ሆድ ውስጥ መዞር እስከማይቻል ድረስ ተጣበው ይተኛሉ። ከሙቀቱና ከክፉው አየር የተነሣ ብዙዎች ታመው ይሞታሉ፤ ሬሳቸውም ወደ ባሕር ይጣላል። በሕይወት የቀሩት በአሜሪካ ደሴቶች በሸንኰራ እርሻ ላይ እንዲሠሩ ይሸጣሉ። መርከቡም ስኳር ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ኒውተን በእሑድ ቀን መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስ ነበር። ከእግራቸው በታች ግን ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ይተኙ ነበር። ባሮቹ ሊያምፁ ነው ተብሎ በተጠረጠሩ ጊዜ፣ እንዲናገሩ የአውራ ጣትን በሚያጠብቅ ብረት አሠቃያቸው። ይህን በመርከቡ መዝገብ ላይ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው። በዚያን ዘመን ይህ ንግድ በሕግ የተፈቀደና የተከበረ ሥራ ስለ ነበረ ኀጢአት አልመሰለውም። ነገር ግን ራሱን እንደ ወህኒ ቤት ጠባቂ ይቈጥር ነበርና፣ እግዚአብሔር ከዚህ የተሻለ ሥራ እንዲሰጠው ይለምን ነበር። በ1754 ዓ.ም. ለአዲስ ጉዞ ሲዘጋጅ በድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሞች ወደ ባሕር እንዳይሄድ ከለከሉት። ሥራውን ያስተወው በሽታ እንጂ የልቡ ፍርድ አልነበረም።

በሊቨርፑል ወደብ የመንግሥት የጉምሩክ ሹም ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም በትርፍ ጊዜው ግሪክንና ዕብራይስጥን ተማረ። ሰባኪ ለመሆን በለመነ ጊዜ ጳጳሳቱ ስድስት ዓመት ያህል አልተቀበሉትም። በ1764 ዓ.ም. ግን ተሾመና ኦልኒ ወደምትባል ታናሽ ከተማ ሄደ። የኦልኒ ሰዎች ብዙዎቹ ዳንቴል እየሠሩ የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። እርሱ የቀድሞ ኑሮውን አልሸሸጋቸውም፤ የሕይወቱንም ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ኀዘን የጸናበት ኃጢአተኛ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር፤ ከእነርሱ የባሰ ሰው ምሕረት እንዳገኘ አይተዋልና። ልጆችንም ለብቻቸው እየሰበሰበ ያስተምር ነበር። አእምሮው በኀዘን የታመመውን ባለ ቅኔውን ዊልያም ኩፐርን እንደ ወንድም አስታመመው። ሁለቱም የደረሱት መዝሙር በ1779 ዓ.ም. ታተመ። ስለ አስደናቂው ጸጋ የሚናገረው ዝነኛ መዝሙር ኒውተን ለ1773 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ስብከት ያዘጋጀው ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመርበት ዜማ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በ1835 ዓ.ም. በአሜሪካ ከቃሉ ጋራ ተጋጠመ።

በ1780 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። በ1785 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በስውር ሊያየው መጣ። ይህ ወጣት የሕዝብ እንደራሴ ነበረ። ሰው እንዳያየው ፈርቶ በአደባባዩ ዙሪያ ከተመላለሰ በኋላ ነበር የገባው። አዲስ የእምነት ሐሳብ ልቡን ስለ ነካው የመንግሥትን ሥራ ልተው ወይስ ልቀጥል ብሎ ይጨነቅ ነበር። ኒውተን በሸንጎው እንዲቈይ መከረው። ዊልበርፎርስም ቈየ፤ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ሃያ ዓመት ያህል በሸንጎው ተከራከረ።

ኒውተንም ዝም አላለም። በ1788 ዓ.ም. ስለ አፍሪቃ የባሪያ ንግድ መጽሐፍ አሳተመ። የነበረበትን፣ ያየውንና ያደረገውን ጻፈ፤ ኑዛዜው እጅግ እንደ ዘገየና በዚያ ሥራ በመካፈሉ እስከ ዕለተ ሞቱ እንደሚያፍር ገለጠ። በመንግሥቱ መማክርትና በሸንጎው ፊት ቀርቦም መሰከረ። ነጋዴዎች ባሮቹ በመርከብ ላይ በደስታ ይኖራሉ እያሉ ሲናገሩ፣ ሰንሰለቱን በገዛ እጁ ያሰረ ሽማግሌ ሐሰት መሆኑን ተናገረ። ምስክርነቱን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም። ኀፍረቱን ሸሽጎ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ሊመሰክር ባልቻለ ነበር።

በ1790 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተች። ዓይኑ ፈዘዘ፤ ጆሮው ደነቈረ፤ የሚሰብከውን ነገር መካከል ላይ ይረሳ ነበር። ወዳጆቹ እንዲያርፍ ቢለምኑትም ሰማንያ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ መስበክን አልተወም። በመጋቢት 25 ቀን 1807 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ውስጥ የባሪያ ንግድ በሕግ ተከለከለ። የተያዙት ባሮች ነፃ የሚወጡበት ሕግ የወጣው ገና በ1833 ዓ.ም. ነው። ኒውተን ፊተኛውን ሕግ ሰምቶ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 21 ቀን በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሞተ።

በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸውን ጽሕፈት አስቀድሞ ራሱ አዘጋጅቶ ነበር። የመዝሙሮቹ ዝና አልተጠቀሰበትም። ያስቀደመው እግዚአብሔርን የካደና ነውረኛ፣ በአፍሪቃም የባሮች አገልጋይ የነበረ መሆኑን ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌታው ኢየሱስ ክርስቶስ በምሕረቱ እንደ ጠበቀው፣ ይቅር እንዳለውና ሊያጠፋው ብዙ የደከመበትን እምነት እንዲሰብክ እንደ ሾመው ጻፈ። ዐፅሙ በ1893 ዓ.ም. ከሎንዶን ወደ ኦልኒ ተወሰደ፤ ከሚስቱም ጋራ በዚያ ተቀብሮ ይገኛል።