ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና ከወኅኒ የወጡ ልጆች ማደሪያ

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1815 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ ቤኪ በምትባል የገጠር መንደር ከድኻ ገበሬዎች ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ፣ እናቱ ማርጋሪታ በብዙ ድካም አሳደገችው። በ1841 ዓ.ም. ማዕረገ ክህነት ተቀብሎ ወደ ቱሪን ከተማ በሄደ ጊዜ፣ መምህሩ ቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ ወደ ወኅኒ ቤቶች ይዞት ይገባ ነበር።

ወጣቱ ካህን በዚያ ያየው ነገር ዕረፍት ነሣው። ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ጤነኞችና ንቁ ልጆች በሥራ ፈትነትና በተባይ ተውጠው ተቀምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነው ግን መልካም ለመሥራት ቈርጠው የወጡት ጥቂት ቆይተው ተመልሰው መታሰራቸው ነው። ምክንያቱን ሲመረምር፣ በወጡበት ቀን የሚቀበላቸው ወዳጅ እንዳልነበራቸው ተረዳ።

ስለዚህ ከእስር የተፈቱትንና ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡትን ልጆች በየሰንበቱ ይሰበስብ ጀመር። ከቦታ ወደ ቦታ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በ1846 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በቫልዶኮ ሰፈር በኪራይ ወደተገኘ አንድ ዝቅተኛ መጠለያ ገቡ። በዚያው ዓመት ማርጋሪታ የገጠር ቤቷን ትታ መጣች፤ የሠርግ ልብሷንና ጌጧንም ለዚሁ ሥራ አዋለች።

ይሁን እንጂ ጸሎቱና ትምህርቱ ሲያበቃ አንዳንዶቹ ልጆች የሚያድሩበት አልነበራቸውም። ዶን ቦስኮ በሣር ማከማቻው ቢያሳድራቸው፣ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን፣ በመጨረሻም የተኙበትን ገለባ ሳይቀር ወስደው ሸጡ። ከእኛ መካከል በዚህ ጊዜ በሩን የማይዘጋ ማን ነው?

በ1847 ዓ.ም. ግንቦት፣ በአንድ ዝናባም ምሽት፣ የ15 ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ በዝናብ ርሶ መጣ። ማርጋሪታ የተሰረቀውን አልረሳችም፤ ፈራችም። ሆኖም የጡብ ስብርባሪ ለቃቅማ፣ በላዩ ሳንቃ ዘርግታ፣ በኩሽናዋ መካከል አልጋ ሠራችለት፤ ስለ ሥራና ስለ ታማኝነትም መከረችው። ለጥንቃቄ ኩሽናው እስኪነጋ በቁልፍ ተዘጋ። የተዘጋው ግን ልጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ነው እንጂ በውጭ አስቀርቶት አይደለም።

ያ የኩሽና አልጋ የታላቅ ማደሪያ ቤት መጀመሪያ ሆነ። ልጆቹ ቀን በከተማው ሲሠሩ ውለው ማታ ይመለሱ ነበር። ማደሪያ ያለ ሥራ እንደማይጸና ያወቀው ዶን ቦስኮ ከአሠሪዎቻቸው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል ጀመር። በ1852 ዓ.ም. ከአንድ አናጢ ጋር በተደረገው ውል፣ አሠሪው ልጁን በቃል ብቻ እንዲገሥጽ፣ ከሙያው ውጭ እንዳያሠራው፣ በበዓላትም እንዲያሳርፈው ግዴታ ገባ። በ1853 ዓ.ም. ደግሞ የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ በቤቱ ውስጥ ተጀመረ።

ማርጋሪታ በ1856 ዓ.ም.፣ ዶን ቦስኮም በ1888 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን በ1934 ዓ.ም. ቅድስናውን ዐወጀች።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጌታችን እስረኛውን መጠየቅና እንግዳውን መቀበል በአንድነት አዝዞናል። እስረኛን በወኅኒ ጠይቀን እንመለሳለን፤ ያው ሰው ተፈትቶ የሚከራየው ክፍል ሲፈልግ ግን ስለ ትናንቱ እየጠየቅን እንመልሰዋለን። ጥንቃቄ ኀጢአት አይደለም፤ ማርጋሪታም ቈልፋለች። ነገር ግን አስቀድማ አልጋውን አነጠፈች። በየቁምስናችን ለአንድ ሰው እንኳ ዋስ የሚሆን፣ በአቅሙ የሚከፍለው ክፍል የሚሰጥ ቤተሰብ ቢገኝ፣ የቅዱሱ በዓል በእውነት ተከበረ ማለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሆይ፣ ስለ እኛ ለምንልን።