ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ እና የ1937ቱ ውል

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ትምህርት ስላቆመ እኔ ተጂ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። የበቾ ጤፍ ለአጨዳ ደርሷል። ራዲዮኑ ሌሊት የተገደሉትን ባለሥልጣናት ስም ማንበብ ጀመረ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ስም ሲነሳ አባቴ ብድግ ብሎ ወጣ። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በየካቲት፣ ስድስት ኪሎ ላይ የአክሊሉ ካቢኔ ይውረድ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የጮህኩ ልጅ ነኝ። ደስ አለኝ አልልም፤ ግን አላዘንኩም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

አባቴ በጣሊያን ጊዜ ከደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጋር በወሊሶ በኩል ዱር የገባ ሰው ነው። ማታ ላይ፣ እንግሊዝን በወረቀት ያስወጣው ማን እንደሆነ ትምህርት ቤት አስተምረውን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሕግ ተማሪ ነበርኩ፤ አላውቅም አልኩት። ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ነገሩን እንድከታተል ያደረገኝ።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. የተወለዱ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ናቸው። እስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ፓሪስ ሕግ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ፓሪስ ሆነው ለኢትዮጵያ ጉዳይ ሲሯሯጡ፣ በ1932 ደግሞ ጀርመን ፓሪስን ያዘ። አገሩ ተይዞበት በሰው አገር ሲኖር ያ አገርም የተያዘበት ሰው ማለት ነው። የነፃ ፈረንሳይ ንቅናቄ ለንደን ላይ፣ የፈረንሳይ ሕዝብ በጠላት እጅ፤ ተባባሪ መሆንና የተያዘ መሆን በአንድ አገር ላይ እንዴት እንደሚደራረቡ ከመጽሐፍ የተማሩት አይመስለኝም።

አዲስ አበባም ላይ የጠበቀው ነገር ይኸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ገቡ። በሳምንቱ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የእንግሊዝ ፖለቲካ ሹም የነበረው ብርጋዴር ላሽ ተቃወመ፤ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሥልጣኑ ሙሉ አይሆንም ነው ክርክሩ። በእንግሊዞች መዝገብ ኢትዮጵያ የተያዘ የጠላት ግዛት ነበረች! አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋ ሕዝብ በጠላቱ ስም ተመዝግቦ ተገኘ።

ጥር 23 ቀን 1934 ንጉሡና ሰር ፊሊፕ ሚቸል የፈረሙት ስምምነት ይህን በግማሽ ፈታው። ኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት መሆኗ ታወቀ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ። በምላሹ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከዲፕሎማቶች ሁሉ በላይ እንዲቀመጥ፣ አማካሪዎችና ዳኞች ከእንግሊዝ እንዲመጡ ሆነ፤ የጅቡቲው ባቡር፣ ኦጋዴን፣ የሰማዩ በረራ ሳይቀር በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀረ። ይህን የፈረሙትን አልኮንንም። ጦር የለ፣ ገንዘብ የለ፣ ዓለም እየተቃጠለ ነው፤ ሌላ ምን ይደረግ ነበር?

አክሊሉ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ ግን ያንን ወረቀት እንደ ጊዜያዊ መጠለያ ነው ያዩት። ስምምነቱ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ በሦስት ወር ማስታወቂያ ሊቋረጥ ይችል ነበር። በግንቦት 1936 ኢትዮጵያ ማስታወቂያውን ሰጠች። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ውስጥ እያለ፣ በገንዘቡ እየኖርን! ያኔ አክሊሉ የ32 ዓመት ሰው ናቸው። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ መምህር ረዳት ፕሮፌሰርነት ቢያገኝ ደግሰን እንበላለን።

ለንደን ሎርድ ዴ ላ ዋርን ላከች። ድርድሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1937 ተጓተተ። ከኢትዮጵያ በኩል ዋናውን ሸክም የተሸከሙት አክሊሉ ሲሆኑ፣ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር አብረዋቸው ነበሩ። ታኅሣሥ 10 ሲፈረም ግን ፊርማው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመኰንን እንዳልካቸው ነው። ባቡሩ ተመለሰ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ቅድሚያ ቀረ። ሰማዩም ተከፈተ፦ በዓመቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካኑ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተቋቋመ፣ በመጋቢት 1938 ወደ ካይሮ በረረ። በአውሮፕላን ለሪዩኒየኑ የመጣችሁ የውጭ አገር ወዳጆቼ ይህችን ያዙልኝ።

ኦጋዴን ግን አልተመለሰም። እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው ሰባተኛው አንቀጽ ነው። አካባቢው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ኢትዮጵያ የተስማማችው፣ እንደ ተባባሪ አገር ለጦርነቱ መሳካት አስተዋጽኦ ለማድረግ መሆኑ ተጻፈ፤ ከሥር ያለው ሉዓላዊነቷም እንደማይነካ ተጨመረበት። ልብ በሉ፤ መሬቱ በሰው እጅ ነው። የተለወጠው የያዢው ስም ነው። ትናንት የተያዘች የጠላት ግዛት የተባለችው አገር ዛሬ ለተባባሪዋ መሬት የምታውስ ሆነች። አዋሽ ደግሞ ባለቤት ነው፤ ይህን ማንም የገጠር ዳኛ ያውቃል። በ1941 ጅጅጋና አብዛኛው ኦጋዴን፣ በየካቲት 1947 ደግሞ ሐውድና የተከለለው ቦታ የተመለሱት ኢትዮጵያ በዚህ ባለቤትነት ላይ ቆማ ስለተከራከረች ነው ብዬ አምናለሁ። የሐውድ ግጦሽ ላይ የሚኖሩትን የሶማሌ ዘላኖች ግን ማንም ወገን አልጠየቃቸውም። ይህም ውሉ ላይ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር። ለእንግሊዝ ያልተበገሩት ሰው ለንጉሣቸው እምቢ ማለት አልቻሉም፤ በወሎ ረሀብ ጊዜ መንግሥታቸው ዝም ብሏል። ለዚህ ስንጮህባቸው አልተሳሳትንም። ሥልጣን የለቀቁላቸው የዚያ የ1937 ፈራሚ ልጅ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ናቸው፤ ሁለቱም፣ የአክሊሉ ወንድም አካለ ወርቅም፣ ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። አክሊሉ እስር ቤት ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ኋላ ታትሟል። ሰውየው ከሥራቸው ሁሉ ለዲፕሎማሲው ብዙ ገጽ መስጠታቸው አልገረመኝም።

ከዘመቻ ስመለስ ውሉን ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ ሰባተኛውን አንቀጽ በእጄ ገለበጥኩ፤ ተጂ ወስጄ ለአባቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ጊዜው ክረምት፣ 1969 መጨረሻ ነው፤ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቷል፤ ታናሽ ወንድሜ ከሚሊሺያው ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር እየሠለጠነ ነው። አባቴ ሉዓላዊነት የምትለዋን ቦታ ደግመህ አንብብልኝ አለኝ። ደገምኩለት። ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ማንበብ አይችልም፤ አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ አስቀመጠው፤ ዳዊቱንም የሚያነብለት ያ ታናሽ ወንድሜ ነበር።