ማልኮም ኤክስ፦ ከመካ መልስ ስህተቱን ያመነው ታጋይ

ለዓመታት በአደባባይ ያስተማሩትን ነገር በአደባባይ ስህተት ነበር ብሎ መመለስ ከባድ ነው። ዓለም ማልኮም ኤክስ ብሎ የሚያውቀው አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሻባዝ ይህን አደረገ፤ ዋጋም ከፈለበት።

ማልኮም እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1925 በአሜሪካ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱን ያጣው በስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለማሳደግ ሲታገሉ ቆይተው በመጨረሻ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ፤ ልጆቹም ተበታተኑ። ማልኮም በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር ግን ነጭ መምህሩ ይህ ለጥቁር የሚሆን እንዳልሆነ ነግሮ አናጢነትን መከረው። እኔም መምህር ነበርኩና ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። የአስተማሪ አንዲት ቃል የልጅን መንገድ ልትዘጋ ትችላለች።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ወደ ጎዳናና ወደ ስርቆት አመራ። በ1946 ገና በ20 ዓመቱ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላትን ገጽ በገጽ በእጁ እየገለበጠ ራሱን አስተማረ። በቤተሰቦቹ በኩልም ኔሽን ኦፍ ኢስላም የተባለውን ድርጅት ተዋወቀ። ድርጅቱ ከወንጀልና ከሱስ አወጣው። ነገር ግን ነጮች በሙሉ ሰይጣኖች እንደሆኑ ያስተምር፣ መሪውንም መልእክተኛ ያደርግ ነበር። ይህ ከእስልምና ዐቂዳ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ማልኮም በ1952 ከተፈታ በኋላ ይህንኑ ትምህርት ለ12 ዓመታት ያህል ሰበከ።

በማርች 1964 ከድርጅቱ ወጣ። በቀጣዩ ወር ለሐጅ መካ ገባ። ይህች ከተማ ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) በባርነት የተሰቃየባት፣ በኋላም በካዕባ ላይ ሆኖ አዛን ያደረገባት ናት። ማልኮም በዚያ ነጭ ቆዳ ካላቸው ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳህን በላ፤ ከጎናቸው ሰገደ፤ አብሯቸው ጠዋፍ አደረገ። ሰውን በቀለሙ መፍረድ ስህተት መሆኑን አምኖም ይህንኑ ለወዳጆቹ በደብዳቤ ጻፈ።

ታዲያ ከመካ ሲመለስ ትግሉን አላቆመም። የነጮችን ጥላቻ ተወ እንጂ የሕዝቡን መብት አልተወም። በወቅቱ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች በሕገ መንግሥቱ የተሰጣቸውን የመምረጥ መብት በፈተና፣ በክፍያና በዛቻ ይነፈጉ ነበር። ዜጋውን ከምርጫ ካርድ እያራቀ ለዓለም ስለ ዲሞክራሲ የሚሰብክን መንግሥት ማልኮም በይፋ ሞገተ። በጁን 1964 የራሱን ማኅበር ሲያቋቁም አርአያ ያደረገው ከአንድ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ነበር። በጁላይ ደግሞ ካይሮ ሄዶ የአፍሪካ መሪዎች የሕዝቡን በደል ለተባበሩት መንግሥታት እንዲያቀርቡለት ጠየቀ።

በፌብሩዋሪ 1965 ቤቱ በእሳት ተመታ። ከሳምንት በኋላ ፌብሩዋሪ 21 ቀን በኒውዮርክ ንግግር ሊያደርግ እንደቆመ ባለቤቱና ልጆቹ ባሉበት ተገደለ። ዕድሜው 39 ነበር። በግድያው ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች የሁለቱ ፍርድ በ2021 ተሰርዞ ንጹህ መሆናቸው ታወቀ፤ አንደኛው ግን ይህን ሳያይ ሞቷል። ለፍትሕ የሞተ ሰው ጉዳይ ራሱ ፍትሕ ሳያገኝ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛስ? በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ከመስጂድ ስንወጣ ግን ለጋብቻ ዘር የምንቆጥር፣ ለሥራ ጎሳ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ሁላችንም የአደም ልጆች ነን፤ አደምም ከአፈር ነው። ማልኮም ይህን ሲረዳ ዝናውን ሳይሳሳ ራሱን አረመ። የተበደለ ወገኑንም በወንድማማችነት ስም ዝም በል አላለውም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ከባዱ።

አላህ ይዘንለት። እኛንም ስህተታችንን ከሚያምኑት፣ በፍትሕም ከሚቆሙት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።