ከንፍፊት ሥዕል እስከ ሞለኪውል ምርመራ፦ የዶክተር ከትበርት ዱክስ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

የትልቁ አንጀት ወይም የደንዳኔ ካንሰር ያለበት ሰው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ፣ ጎባም ይታከም አዲስ አበባ፣ ቀጣዩን ሕክምና በእጅጉ የሚወስነው ጥያቄ አንድ ነው፤ በሽታው በተለምዶ ንፍፊት ወደሚባሉት የሊምፍ ኖዶች ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? ተሻግሮ ከሆነ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ኬሞቴራፒ ይመከራል። ለባሌ ደጋ ገበሬ ይህ ምክር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለወራት ወደ አዲስ አበባ መመላለስን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የፓቶሎጂስቱ መልስ ለታካሚው የሕይወትም የሀብትም ጉዳይ ነው። ይህ ጥያቄ በሥርዓት እንዲጠየቅና እንዲመለስ ካደረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ እንግሊዛዊው ፓቶሎጂስት ከትበርት ዱክስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና ወታደራዊ አገልግሎት

ከትበርት ኢስኳየር ዱክስ በ1890 በእንግሊዝ አገር፣ በሶመርሴት ግዛት፣ በብሪጅዋተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በቻይና በሚሲዮናዊነት ያገለገሉ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ዱክስ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1914 ተመረቁ። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት በመፈንዳቱ በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ባክቴሪዮሎጂ አዘነበሉ፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በዚሁ መስክ ሠሩ። በ1924 የፀረ ተሕዋስያን ቀዶ ሕክምና መሥራች የሆኑትን የጆሴፍ ሊስተርን የሕይወት ታሪክ ጽፈው አሳትመዋል።

የሴንት ማርክ ቤተ ሙከራ

በ1922 ዱክስ በለንደን ለሚገኘው ለሴንት ማርክ ሆስፒታል የመጀመሪያው ፓቶሎጂስት ሆነው ተሾሙ። ሆስፒታሉ ትንሽ ቢሆንም የደንዳኔና የትልቁ አንጀት ሕመምተኞች ብቻ የሚታከሙበት በመሆኑ ለአንድ ተመራማሪ የማይገኝ ዕድል ነበር። ተመሳሳይ በሽታ ያለባቸው ታካሚዎች በብዛት ይመጡ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ያወጡት አካል በሙሉ ወደ ዱክስ ጠረጴዛ ይላክ ነበር። ገና በወጣትነቱ በቤተ ሙከራው የተቀጠረው ሪቻርድ ቡሴ ረዳታቸው ሆነ፤ ኋላም በራሱ የታወቀ ተመራማሪ ሊሆን በቅቷል።

የአሠራራቸው ብርታት ከመሣሪያ ይልቅ በትዕግሥት ላይ የተመሠረተ ነበር። በቀዶ ሕክምና የወጣው አንጀት ተዘርግቶ በፎርማሊን ይደርቃል። ከዚያም በዙሪያው ካለው ስብ ውስጥ ንፍፊቶች አንድ በአንድ ተፈልገው ይወጡና እያንዳንዳቸው በማይክሮስኮፕ ይመረመራሉ። የእያንዳንዱ ታካሚ አንጀት በሥዕል ይነሣል፤ ንፍፊቶቹ በየነበሩበት ቦታ ይሰፍራሉ፤ ካንሰር የተገኘባቸውም ተለይተው ይመለከታሉ። በዚህ መንገድ ዕጢው በየትኛው አቅጣጫና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራጭ በግልጽ ሊታይ ቻለ።

የ1932ቱ አመዳደብ

ደረጃዎችን በፊደል የመሰየም ሐሳብ የመነጨው ከዱክስ ብቻ አልነበረም። የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ጆን ፐርሲ ሎክሃርት ማመሪ አስቀድመው ተመሳሳይ አመዳደብ አቅርበው ነበር። የዱክስ አስተዋፅዖ አመዳደቡን በፓቶሎጂ ማስረጃ ላይ ማቆማቸው ነው። በ1932 ባሳተሙት ጽሑፍ የደንዳኔ ካንሰርን በሦስት ከፈሉት፤ ከአንጀቱ ግድግዳ ያልወጣው ኤ፣ ግድግዳውን ዘልቆ ንፍፊት ያልነካው ቢ፣ ወደ ንፍፊት የደረሰው ሲ ተባለ። በ1935 ከቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ጋብሪየልና ከቡሴ ጋር ሆነው ሦስተኛውን ደረጃ በሁለት ከፈሉት፤ መክፈያውም ካንሰሩ የደም ሥሩ እስከ ታሰረበት ጫፍ ድረስ መድረሱ ወይም አለመድረሱ ነበር።

አመዳደቡ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው ታካሚዎቹን ለረጅም ዓመታት በመከታተል ነው። ዱክስና ቡሴ በ1958 ባሳተሙት ጥናት፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት ታስበው ሲስተካከል፣ ለአምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት በደረጃ ኤ 97.7 በመቶ፣ በደረጃ ቢ 77.6 በመቶ፣ በደረጃ ሲ 32 በመቶ ነበሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል የሚታየው ሰፊ ገደል የንፍፊትን ወሳኝነት አረጋገጠ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሩቅ ሥርጭት አራተኛ ደረጃ ጨመሩ፤ አንዳንዶቹም ፊደሎቹን በተለየ ትርጉም ተጠቀሙባቸው። ከዚህ የተነሣ መደናገር ስለ ተፈጠረ ዛሬ ቲ.ኤን.ኤም. የተባለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ በአብዛኛው ተተክቷል፤ ይሁንና የንፍፊት ጥያቄ በእርሱም ውስጥ ዋና ቦታ አለው።

የቤተሰብ መዝገብ

በሴንት ማርክ በ1920ዎቹ የተጀመረው ሌላው ሥራ በአንጀታቸው ብዙ ፖሊፕ የሚያበቅሉ ቤተሰቦችን መመዝገብ ነበር። ሎክሃርት ማመሪ፣ ዱክስና ቡሴ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍና ፖሊፑ ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ በትውልድ ሐረግ አሳዩ። ኤ.ፒ.ሲ. የተባለው ጂን ተለይቶ የታወቀው በ1991፣ ዱክስ ካረፉ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ዱክስ በፊኛ ካንሰርም ላይ ሠርተዋል። በ1977 ዐረፉ።

ያልተመለሰው ክፍተት

የዱክስ አኃዞች ራሳቸው አንድ እንቆቅልሽ ይዘዋል። ንፍፊታቸው ንጹሕ ነው ከተባሉት የደረጃ ቢ ታካሚዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ በካንሰሩ ሞተዋል። አንዱ ማብራሪያ በማይክሮስኮፕ ያመለጠ ጥቂት የካንሰር ሕዋስ በንፍፊቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል የሚል ነው፤ ከአንድ ንፍፊት የሚታየው አንድ ወይም ሁለት ስስ ቅንጣቢ ብቻ ነውና። የሞለኪውል ምርመራ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በንፍፊት ውስጥ በተለመደው ሁኔታ ሊገኝ የማይገባውን፣ የአንጀት ሕዋስ የሚሠራውን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. አባዝቶ ይለካል።

በ1998 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 26 የደረጃ ሁለት ታካሚዎችን በዚህ ዘዴ መረመረ፤ ምልክቱ የተገኘባቸው 14 ሲሆኑ፣ የአምስት ዓመት ቆይታቸው 50 በመቶ፣ የሌሎቹ ግን 91 በመቶ ሆነ። በ2009 የታተመውና ጓኒሊል ሳይክሌዝ ሲ የተባለውን ምልክት የተጠቀመው ጥናት ደግሞ 257 ታካሚዎችን አካትቶ ነበር። ምልክቱ በ225ቱ ላይ ተገኘ፤ በሽታው ያገረሸባቸው ከእነዚህ 20.9 በመቶ፣ ምልክቱ ካልተገኘባቸው 6.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ ሆኖም ምልክቱ ከተገኘባቸው አምስት ሰዎች አራቱ ገደማ በክትትሉ ጊዜ በሽታው አላገረሸባቸውም። ሁሉም ኬሞቴራፒ ይውሰዱ ቢባል ብዙዎች ያለ ጥቅም ይጎዳሉ።

ሌላም ዋጋ አለ። አር.ኤን.ኤ. በፍጥነት ስለሚበላሽ ንፍፊቱ ትኩስ ሳለ መቀዝቀዝ ወይም በመጠበቂያ ፈሳሽ መቀመጥ አለበት። ለምርመራው የተፈጨው ክፍል ዳግም በማይክሮስኮፕ ሊታይ አይችልም። በፎርማሊን የተቀመጠ ናሙና በአንጻሩ ረጅም መንገድ ይችላል።

ማጠቃለያ

ለጎባና ለሮቤ ተመራማሪዎች የዱክስ ሕይወት የሚያስተምረው ቅደም ተከተልን ነው። የሞለኪውል ምርመራ ጥሩ የሚሆነው ንፍፊቶቹ በጥንቃቄ ተፈልገው ከተገኙ ብቻ ነው፤ ካልተገኘ ንፍፊት የትኛውም መሣሪያ ምንም ሊያነብ አይችልም። ዛሬ ከአንድ ናሙና ቢያንስ 12 ንፍፊቶች እንዲመረመሩ ይመከራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፎርማሊን፣ ስለት፣ ማይክሮስኮፕ፣ የተሟላ መዝገብና የሠለጠነ እጅ ነው። ጥቂት ንፍፊት ብቻ ታይቶ ካንሰሩ አልተሠራጨም የተባለ ታካሚ ሊረዳው የሚችል ሕክምና ሳያገኝ ወደ ቀየው ይመለሳል። ዱክስና ረዳታቸው በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ንፍፊቶችን በየቦታቸው ሲያሰፍሩ የተዋጉት ይህንኑ ስሕተት ነበር።