ዐብዱላህ ኢብን ረዋሐ፦ የጦር ሜዳው ገጣሚ

ወሩ ረመዷን ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሐቦቻቸው ጋር በጉዞ ላይ ነበሩ። ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ሰው እጁን አናቱ ላይ እያደረገ ፀሐዩን ይከላከል ነበር። ለመንገደኛ ማፍጠር የተፈቀደ በመሆኑ ተጓዡ አፍጥሯል። በዚያ ቀን ጾመው የዋሉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በጉዞው የተገኙት አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) አውርተዋል። አንዱ ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። ሌላው ዐብዱላህ ኢብን ረዋሐ (ረ.ዐ.)።

በዛሬው የረመዷን ገጻችን ልናነሳቸው የወደድነው እኚህን ሁለተኛውን ጾመኛ ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከሙእታ ዘመቻ ጋር ነው። ገጣሚነታቸው ግን እምብዛም አይወራም፤ ሰውየውን ያለ ግጥማቸው ማወቅ ደግሞ ግማሹን ብቻ ማወቅ ነው።

ዐብዱላህ የመዲና ሰው፣ የኸዝረጅ ጎሳ ተወላጅ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ ከእስልምና በፊት ጀምሮ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ622 በዐቀባ ለነቢዩ ቃል ኪዳን ከገቡት የመዲና ሰዎች መካከል የወገኖቻቸው ተጠሪ ሆነው ከተመረጡት 12 ሰዎች አንዱ ናቸው።

ያኔ በዐረቦች ዘንድ ግጥም የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አልነበረም። የጎሳን ስም የሚያነሳውም የሚጥለውም ገጣሚ ነው። አንድ ስንኝ ከነጋዴ ጋር ተጉዞ ከገበያ ገበያ ይዛመታል። የመካ ቁረይሾች ነቢዩን በግጥም ሲያንቋሽሹ ከመዲና በኩል ሦስት ሰዎች ተነሱ፦ ሐሳን ኢብን ሣቢት፣ ከዕብ ኢብን ማሊክና ዐብዱላህ። ሐሳን የቁረይሾችን የዘር ሐረግና የቀድሞ ነውር እያነሱ ይወጓቸዋል። ዐብዱላህ ደግሞ ዘር ትተው በክህደታቸው ይወቅሷቸዋል። ቁረይሾች መጀመሪያ የሐሳን ግጥም አንገበገባቸው፤ የዐብዱላህ ቀላል መሰላቸው። እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ግን እንደ ዐብዱላህ ግጥም የከበዳቸው እንዳልነበረ ይተረካል።

ይሁን እንጂ ግጥም ለራሳቸውም የፍርሃት ምንጭ ሆኖባቸው ያውቃል። በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ መጨረሻ ገጣሚዎችን የሚነቅፉት አንቀጾች ሲሰሙ ሦስቱም ሶሐቦች እያለቀሱ ወደ ነቢዩ እንደመጡ የተፍሲር መጻሕፍት ያወሳሉ። ያረጋጋቸው ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ከነቀፌታው የሚያወጣው የመጨረሻው አንቀጽ ነው።

ዐብዱላህ ከኋላ ሆነው የሚያዜሙ ሰው አልነበሩም። በረመዷን 17 ቀን፣ በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በበድር የቁረይሽ ጀግኖች ተጋጣሚ ሲጠሩ ቀድመው ከወጡት ሦስት አንሷሮች አንዱ ናቸው። ቁረይሾች ከገዛ ወገናችን ካልሆነ አንገጥምም በማለታቸው ነው እነ ሐምዛ የተተኩት። ከድሉ በኋላ ብሥራቱን ወደ መዲና ይዘው የሮጡትም ዘይድ ኢብን ሓሪሣና ዐብዱላህ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የኸንደቅ ታሪክ ነው። ዘመኑ 627 እ.ኤ.አ.፣ ወቅቱ ብርድ፣ ሰዉም ረኃብተኛ ነበር። ጠላት ሳይደርስ መዲናን በጉድጓድ መከለል ያስፈልጋል። ነቢዩ ራሳቸው አፈር ይሸከሙ ነበር፤ አቧራው ሰውነታቸውን ሸፍኖታል። አፈሩን እያመላለሱ የሚያዜሙት የዐብዱላህን ግጥም ነበር። ግጥሙ አላህን ለመሪነቱ የሚያመሰግን፣ በጭንቅ ቀን እግርን እንዲያጸና የሚለምን ነው። ነቢዩ የስንኞቹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስረዝሙት ነበር። በአገራችን ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ጉልበት እንደሚሰጥ አይጠፋውም።

በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ ለዑምራ መካ ሲገቡ ዐብዱላህ ከፊት ከፊት እየሄዱ ይገጥሙ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) በነቢዩ ፊትና በሐረም ክልል ግጥም ይባላልን ብለው ቢቆጡ፣ ነቢዩ እንዲተዋቸው ነገሯቸው፤ ግጥሙ ከፍላጻ ይልቅ ፈጥኖ ቁረይሾችን ያገኛቸዋልና። በኸይበር የተምር ምርት ገማች ሆነው ሲላኩም ጌጣጌጥ በጉቦ ቢቀርብላቸው እንቢ ብለው፣ ግምቱን በእኩል ከፍለው ምርጫውን ለባለ እርሻዎቹ ትተዋል።

ከዚያ ሙእታ መጣ። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (629 እ.ኤ.አ.) 3,000 ሰው ወደ ሻም ዘመተ። ነቢዩ አዛዥ ያደረጉት ዘይድን ነው፤ እሱ ቢወድቅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ፣ ጃዕፈር ቢወድቅ ዐብዱላህ። ጃዕፈር ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ በአገራችን በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ስደተኞቹ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሽኝቱ ላይ ዐብዱላህ አለቀሱ። የዱንያ ፍቅር እንዳልሆነ፣ ሰው ሁሉ በእሳት ላይ እንደሚያልፍ የሚናገረው የቁርኣን አንቀጽ እንዳስጨነቃቸው ገለጹ። ሸኚዎቹ በሰላም እንዲመለሱ ዱዓ ሲያደርጉላቸው፣ እሳቸው የተመኙት ምሕረትንና ሸሂድነትን መሆኑን በግጥም መለሱ።

አብሯቸው በአንድ ግመል፣ ከኮርቻቸው ኋላ ተፈናጦ የሚጓዝ ልጅ ነበር፤ ዘይድ ኢብን አርቀም። የቲም ሆኖ በእጃቸው ያደገ ነው። አንድ ሌሊት ዐብዱላህ ለግመሏ ሲገጥሙ ሰማ። ግጥሙ ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ እንደማይጭኗት፣ ወደ ቤታቸውም እንደማይመለሱ የሚናገር ነበር። ልጁ በጨለማው ውስጥ አለቀሰ። ዐብዱላህ በአለንጋቸው ነካ አደረጉት፤ እሳቸው ሸሂድነትን ቢያገኙ እሱ ምን እንደሚጎዳ፣ ኮርቻውን ለብቻው ይዞ ተመቻችቶ እንደሚመለስ ነገሩት። ይህን ያወራልን ከዘመቻው የተመለሰው ያው ልጅ ነው።

መዓን ሲደርሱ የሮማውያኑ ጦር ብዛት ተሰማ። የጥንት ጸሐፊዎች ከመቶ ሺህ በላይ ያደርሱታል፤ የዛሬዎቹ በቁጥሩ ይከራከራሉ። ሠራዊቱ ወደ መዲና እንላክ ወይስ እንግጠም እያለ ሁለት ሌሊት ሲመክር፣ ልቡን ያጸናው የዐብዱላህ ንግግር ነበር።

በውጊያው ዘይድ ወደቁ። ጃዕፈር ሁለት እጃቸው እስኪቆረጥ ባንዲራውን ይዘው እሳቸውም ወደቁ። ዐብዱላህ ባንዲራውን አንስተው በፈረሳቸው ወደፊት ሲሉ ለአፍታ አመነቱ። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁትም፤ ባይደብቁትም ጥሩ አደረጉ። ሌሎችን በግጥም ያበረታቱ የነበሩት ሰው አሁን ገዛ ነፍሳቸውን በግጥም ገሠጹ፤ ለምን ጀነትን እንደጠላች ጠየቋት፣ ወደደችም ጠላችም እንደምትወርድ ማሉባት። ወረዱ። የአጎታቸው ልጅ ኃይል እንዲሆናቸው ሥጋ ያለበት አጥንት ሰጣቸው። አንዴ እንደ ነከሱ የውጊያው ጩኸት ተሰማቸው፤ አጥንቱን ጥለው ሰይፋቸውን ይዘው ገቡ፤ አልተመለሱም። ሠራዊቱን ያወጡት ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ናቸው። የሦስቱ አዛዦች መቃብር ዛሬ በዮርዳኖስ፣ ከከረክ በስተደቡብ በመዛር ከተማ ይገኛል።

ቀደም ሲል ዐብዱላህ ታመው ራሳቸውን ስተው ነበር። እህታቸው ዐምራ መከታነታቸውን እያነሳሱ ሲያለቅሱ፣ ሲነቁ በእያንዳንዱ ውዳሴ እውነት እንዲህ ነህን ተብለው እንደተጠየቁ ነገሯቸው። የሙእታ ወሬ መዲና ሳይደርስ ነቢዩ የሦስቱን ሞት በዓይናቸው እንባ እየወረደ ተናገሩ። ዐምራ ግን ስለ ወንድማቸው አላለቀሱም።