ጥላሁን ገሠሠ

ጥላሁን ገሠሠ (መስከረም 17 ቀን 1933 – ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.) ታዋቂ ኢትዮጵያዊ ድምጻዊ ነበር። በረጅሙ የሙያ ዘመኑ ከወታደራዊ ኦርኬስትራ ጋር በመድረክ፣ ቀጥሎም በሸክላ፣ በካሴትና በሲዲ ዘፍኗል። ስለዚህ ሥራዎቹ በቅደም ተከተል ሲደመጡ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከትንፋሽ መሣሪያዎች ወደ ሲንተሳይዘር እንዴት እንደተሸጋገረ ያሳያሉ።

የልጅነት ሕይወት

ጥላሁን ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙና ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ንጉሤ በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደውት በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ በትምህርቱ እንዲገፋ ይፈልጉ ነበር፤ ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ግን የዘፈን ፍላጎቱን አበረታቱት። የሀገር ፍቅር ማኅበር ባለሙያዎች ለትርኢት ወሊሶ በመጡ ጊዜ ከእዮኤል ዮሐንስ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። መጀመሪያ ተይዞ ወደ ወሊሶ ቢመለስም በጭነት መኪና ተደብቆ እንደገና ሄደ።

የኦርኬስትራ ዘመን

በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተቀጠረው በሀገር ፍቅር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረና ዋና ኮከብ ሆነ። የዚህ ክፍል ሙዚቀኞች ደመወዝተኛ ወታደሮች ስለነበሩ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን በርከት አድርጎ ማሰለፍ ይቻል ነበር። እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎች የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ለድምጻዊው ስንኝ መልስ እንዲሰጡ አድርገው ያቀናብሩ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ጥላሁንም ለተወሰነ ጊዜ ታስሯል። ከተፈታ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በሚባለው ቤት ሠርቷል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊትም ዘፍኗል።

የሸክላ ዘመን

ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም ይህ ብቸኝነት ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን የያዙ አነስተኛ ባንዶች እየበዙ ነበር። ጥላሁንም ለፊሊፕስ ሸክላዎችን ቀረጸ። አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ አንድ አጭር ዘፈን ብቻ ስለሚይዝ መግቢያው አጭር፣ አዝማቹም ቶሎ የሚመጣ መሆን ነበረበት።

የካሴትና የሲንተሳይዘር ዘመን

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ አዋጅ የምሽት ክበቦችን ሥራ አዳከመ። የሸክላ ኅትመትም ቆሞ ካሴት ቦታውን ያዘ። ካሴት በርካሽ ይባዛል፤ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕም ይደመጣል። ስለዚህ የዋና ከተማው ዘፈን በሐረር መንገድ ላይ እንዳለችው አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ወደመሳሰሉ ከተሞች በቀላሉ ይደርስ ነበር። ጥላሁን ከአማርኛ በተጨማሪ በኦሮምኛ የዘፈናቸው ሥራዎችም አሉ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጥላሁን ጋር ከሠሩት ባንዶች አንዱ ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ ነው። በዚሁ ጊዜ ሲንተሳይዘር በባንዶች ዘንድ ተስፋፋ። ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሪክ ምልክት የሚፈጥር መሣሪያ ነው። አንድ የኪቦርድ ተጫዋች የትራምፔቱንም የቫዮሊኑንም ቦታ ሊሸፍን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት የወጣው ሚዲ የተባለው ደንብ የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ኪቦርዶችና ድራም ማሽኖች እንዲግባቡ አስቻለ።

ተመሳሳይ ለውጥ በአውሮፓ ሲንዝ ፖፕ የሚባለውን ስልት ፈጥሯል። ለምሳሌ የእንግሊዙ ኒው ኦርደር በ1981 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ለቀድሞው የጊታር ስልቱ የቀረበ ነበር፤ በ1983 በወጣው ሁለተኛው አልበሙ ግን ማሽኖቹ ጎልተው ይሰማሉ። ልዩነቱ ከምክንያቱ ላይ ነው። የአውሮፓዎቹ ባንዶች የማሽኑን ድምፅ በራሱ ፈልገውት መረጡት። በአዲስ አበባ ግን ትልቅ ኦርኬስትራ ለማስተዳደር የሚያስችለው ደመወዝና የምሽት ሥራ በመቀነሱ ኪቦርዱ የጎደለውን መሙያም ሆነ።

በዚህ ለውጥ የጠፋ ነገር አለ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በየትርኢቱ በሰው እስትንፋስ የሚሰጡት መልስ በኪቦርድ ሲተካ አንድ ወጥ ሆነ። ያልጠፋው የጥላሁን አዘፋፈን ነው። ድምፁን አርዝሞ ይዞ ማንቀጥቀጡና የቃላቱ ጥራት በሸክላውም በካሴቱም ይታወቃሉ። ቀድሞ ኦርኬስትራው ይሸከመው የነበረውን ስሜት በካሴቱ ዘመን በአብዛኛው ድምፁ ብቻውን ተሸከመው።

ሙዚቃና ረሃብ

ጥላሁን ስለ ወሎ ረሃብ «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተሰኘውን ዘፈን ዘፍኗል፤ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖችም ገንዘብ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተዘጋጀውን የባንድ ኤይድ ዘፈን ከቦብ ጌልዶፍ ጋር የደረሰው ሚጅ ዩር የሲንዝ ፖፕ ባንድ የነበረው አልትራቮክስ ድምጻዊ ነው። የዘፈኑን ሙዚቃ በቤቱ ስቱዲዮ ያዘጋጀውም በአብዛኛው በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ በከባድ ሁኔታ ቢቆስልም ተርፎ ወደ መድረክ ተመልሷል። በኋላም በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ ተቆርጧል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶታል። በፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ አልበምም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን 17ኛ ቅጹን ለጥላሁን የሸክላ ዘመን ሥራዎች ሰጥቷል።

ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት በአዲስ አበባ በ68 ዓመቱ አረፈ። በመስቀል አደባባይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከተሰናበተው በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።